ዳማው የከሳበት ዓመት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሣሩ ልጀምር።

እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ። አዊኛ የማውቀው ሰላምታና ስድብ ብቻ ነው፤ ያውም ስድቡን ነው ቀድሜ የለመድኩት። ትዳር ይዤ እንጅባራ ስገባ በእንስሳት ጽሕፈት ቤት የመኖ ባለሙያ ሆኜ ነበር። የመኖ ባለሙያ ማለት ከብቱ ምን ይብላ፣ ሣሩ መቼ ይታጨድ፣ ድርቆሹ እንዴት ይቀመጥ እያለ ገበሬውን ሲጨቀጭቅ የሚውል ሰው ነው። በመጨቅጨቅ ደግሞ አልታማም።

አማቴ፣ ማለትም የባለቤቴ አባት፣ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ገበሬ ነበሩ። በሁለት ነገር ይታወቁ ነበር። አንደኛው ዳማ ፈረሳቸው ነው። በእኛ አገር ፈረስ የሌለው ሽማግሌ ይኖራል፤ ጥር ማለቂያ ላይ ፈረሰኛው ከየቀበሌው ተሰልፎ እንጅባራ ሜዳ ሲወጣ ግን ቤቱ ቁጭ ማለት የሚችል ሽማግሌ የለም። የቀበሌያቸውን ሰልፍ ከፊት ሆነው የሚመሩት አማቴ ነበሩ። ዳማው ከኅዳር ጀምሮ ይቀለባል፤ ጥር ሲደርስ ጀርባው ሰፍቶ፣ ግላሱን ለብሶ ሲወጣ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ከጋላቢው በፊት ፈረሱን ያያል። አማቴም ይህን ያውቃሉ፤ ያውቃሉና አንገታቸው ትንሽ ቀና ይላል።

ሁለተኛው የሣር ዳኝነታቸው ነው። ቀበሌው የጋራ ሜዳ አለው። ሜዳው ከሰኔ ጀምሮ ይከለከላል፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም። የሚከፈተው ኅዳር ላይ፣ ዳኛው ሲፈቅድ ነው። ዓመቱ ደህና ከሆነ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። ሣሩ ካነሰ ግን አከፋፈሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ለወለደች ላም፣ ላረገዘች ባዝራ፣ ላረሰ በሬ ይሰጣል፤ ሌላው ከብት የተረፈውን ይጠብቃል። የማን ላም ናት ተብሎ አይጠየቅም። ላም የሌለው ሰውስ ምን ይሆናል ካላችሁ፣ ከጎረቤቱ ቤት እርጎ ይሄድለታል።

ይህን አሠራር አልወደድኩትም ነበር። እኔ ኮሌጅ የተማርኩት ፍትሐዊ ክፍፍል የሚባለውን ነው። ድርቁ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የግጦሽ መሬት መተዳደሪያ ደንብ አርቅቄ፣ «ማንኛውም አባወራ እኩል ድርሻ ያገኛል» የሚል አንቀጽ አስገብቼ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ እዚያው ሜዳው ዳር ለተሰበሰበው ሰው አነበብኩ። አማቴ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ እኩል ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«ለሁሉም አንድ ዓይነት መስጠት ነዋ፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም አሉ። እኔም በሪፖርቴ ላይ «ኅብረተሰቡ ደንቡን በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል» ብዬ ጻፍኩ። ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ የሚመስለኝ ዘመን ነበር።

ከዚያ ሁለት ሺህ ስምንት መጣ። ያለፈው ክረምት ቆላውን ጥሎት አልፎ ነበር። እኛ ጋ ያው ነው፤ የእንጅባራ ሰው ዝናብ እንዲመጣለት አይለምንም፣ እንዲያቆምለት ነው የሚለምነው። በቴሌቪዥን ግን የአፋር ከብት ጎኑ ተጣብቆ፣ አፉን አፈር ላይ ደፍቶ እናያለን። ኅዳር ሲብት ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። ዞናችን ድርቆሽ ሰብስቦ በድርቅ ለተጎዱ አርብቶ አደሮች እንዲልክ ይላል። ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

«ከዘንገና ጀምሪ፤» አለኝ አለቃዬ። «አማትሽ እዚያ አሉ አይደል። አንቺ ካልሽ እምቢ አይሉም።»

አማቴን አያውቃቸውም ማለት ነው።

ሰዉ ሜዳው ዳር ተሰበሰበ። ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሶ፣ ወርቅማ ሆኖ፣ ነፋስ ሲያልፍበት ይተኛና ይነሳል። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ አማቴ አማርኛ ለማይሰሙት ወደ አዊኛ ይመልሳሉ። ስጨርስ አንድ ጎልማሳ ተነሳና፣ «እኛስ እሺ፤ ጥር እየመጣ ነው። ፈረሶቻችን ምን ሊበሉ ነው?» አለ። ጥያቄው እውነት ነበር። እውነት ሲገጥመኝ ድምፄ ይጨምራል፤ ስለ መንግሥት አቅጣጫ መለፍለፍ ጀመርኩ።

አማቴ በእጃቸው አስቆሙኝ። በአዊኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ። ያ ጎልማሳ ተቀመጠ። ምን እንዳሉ ማታ ባለቤቴን ጠየቅኩት። «ፈረሳችን ቢከሳ ጥር ያልፋል። ላማቸው ብትሞት ግን ልጃቸው ይከተላታል» ነው ያሉት።

እዚያው ሜዳው ላይ አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ሣሩ ይሄዳል። ፈረሶቻችን ዘንድሮ ገለባ ይበላሉ። እኔ ግን ከሲታ ፈረስ ይዤ ሰው ፊት የምወጣበት ምክንያት ያስፈልገኛል። ሣሩ እዚህ ከበሰበሰ፣ ወይም መንገድ ላይ ባክኖ ከቀረ፣ ጥር ላይ አልወጣም። አንቺ አብረሽው ትሄጃለሽ። አንዲት ላም እንኳ በእኛ ሣር መቆሟን በዓይንሽ አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ፣ አባባ።»

እሺ ማለት ቀላል ነው። ዕድሜያቸው ሰባውን አልፎ ነበር፤ ስንት ጥር ከፊታቸው እንዳለ እርሳቸውም እኔም አናውቅም። ካልተሳካልኝ ከእነዚያ ጥሮች አንዱን የምበላባቸው እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ጭብጥ ሣር ቋጥረው ሜዳው አራት ማዕዘን ላይ በተተከለ እንጨት አሰሩ። ያ ቋጠሮ ከታሰረ ሣሩ የሌላ ሰው ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው ሰው ስሙ አይነሳም። አጨዳው በጅጊ ሆነ፤ ወንዱም ሴቱም ወጣ። እኔ ድርቆሹ ተጠቅጥቆ የሚታሰርበት የእንጨት ሣጥን አሠርቼ አመጣሁ። ሣሩን ሣጥኑ ውስጥ ትረግጡታላችሁ፣ በገመድ ታስሩታላችሁ፣ ታወጡታላችሁ። ሽማግሌዎቹ ሣጥኑን ዞረው ዞረው አዩና «የሣር ሬሳ ሣጥን» አሉት። ለወሬ ሲቀመጡ «ምራቲቱ ሣር ልትቀብር መጣች» ይባባሉ ነበር። ይሳቁብኝ፤ ሦስት መኪና የሚሞላው ሣር ለአንድ መኪና የሚበቃ ሆኖ ሲታሰር ሣቃቸው ወደ ምርቃት ዞረ።

ማሰሪያ ገመድ ግን ከመሥሪያ ቤት አልመጣም። ዕቅዱ ውስጥ «ገመድ» የሚል ተረስቷል። ሰዉ ከየቤቱ የራሱን አወጣ፤ የቃጫ፣ የጠፍር፣ የፕላስቲክ። አማቴ ያሰሩባቸው ገመዶች የዳማው ጭራ ጸጉር ተቀላቅሎ የተገመደባቸው ናቸው፤ ጥቁርና ቡና ዓይነት ሆነው ከሩቅ ይለያሉ። «ገመዴን መልሽልኝ» አሉኝ። ለዚህም እሺ አልኩ።

ታዲያ መኪናው የት አለ? ነገ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ይመጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ክምሩ ሜዳው ላይ ቆመ። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ደግሞ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። እኔ ቢሮ ሆኜ በመስኮት ዝናቡን እያየሁ ከንፈሬን እበላለሁ። በማግስቱ በባጃጅ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በእግሬ ጭቃውን እያቦካሁ ስሮጥ ደረስኩ። ክምሩ በገሳና በሸራ ተሸፍኗል። የማን ሸራ ነው ብል፣ አንዱ የእህል መሸፈኛውን፣ አንዱ የዶሮ ቤቱን ክዳን፣ አንዷም ለዝናብ የምትለብሰውን ገሳ አምጥታ ነው። ሰዉ እየተፈራረቀ ክምሩን ሲገለብጥና ሲያናፍስ ከርሟል። ድርቆሹ ውስጥ እጄን እስከ ክንዴ ከተትኩ፤ ደረቅ ነው። እኔ ሳልነግራቸው፣ እኔን ሳይጠብቁ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የኮራሁባቸው፤ ስለ ራሴ ደግሞ ትንሽ ያፈርኩት።

ከክምሩ አጠገብ ዳማው ታስሮ ገለባ ያኝካል። የጎን አጥንቱ መታየት ጀምሯል። ነፋሱ የድርቆሹን ሽታ ባመጣለት ቁጥር አንገቱን አዙሮ ያስካካል። አንጀቴን በላው። አማቴን ጠጋ ብዬ፣ «አባባ፣ አንድ እስር ቢሰጡት ማን ያያል?» አልኳቸው።

«ፈረሱ ያያላ» አሉ።

መኪናው መጣ፤ ተጫነ፤ አብሬው ወጣሁ። ከእንጅባራ ስነሳ ጋቢ ደርቤ ነበር፤ ወልድያን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጋቢው፣ ሹራቡ፣ መጨረሻ ላይ ትዕግሥቴም ወለቀ። በሦስተኛው ቀን ከአስፋልቱ ርቆ ግራር ተበታትኖ የቆመበት ሜዳ ደረስን። መሬቱ ላይ አንዲት የሣር ዘለላ የለችም። የዚያ ወረዳ የእንስሳት ባለሙያ፣ ቀጭን፣ ነገሩን ሁሉ በቀስታ የሚናገር አፋር፣ ተቀበለኝ። አስተርጓሚዬም እርሱ ሆነ።

ገና ከመኪናው ሳልወርድ ያየሁትን አልረሳም። አራት ሰዎች አንዲት ላም ያነሳሉ። ሁለቱ ከጅራቷ፣ ሁለቱ ከጎንና ከጎኗ ይዘው፣ አንድ ነገር እየተባባሉ ወደ ላይ ይገፏታል። ቀይ ላም ናት፤ አንድ ቀንዷ ተሰብሯል፤ ሆዷ ውስጥ ጥጃ አለ። ስትቆም ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ባለሙያው እንዳስረዳኝ ድርቅ የጎዳት ላም ተኝታ ካደረች በራሷ አትነሳም፤ ካልተነሳች ደግሞ ትሞታለች። ስለዚህ በየማለዳው እየዞሩ ከብት ያነሳሉ። እኔ የመኖ ባለሙያዋ ይህን በመጽሐፍም አላነበብኩም።

የያዝኩት ቅጽ ግልጽ ነው። የአባወራ ስም፣ የእስር ብዛት፣ ፊርማ ወይም አሻራ። ለአንድ አባወራ ሁለት እስር። ሰዉ ተሰለፈ፤ ስም ጠራን፤ አሻራ አስቀመጥን። ማንም ማንን አልገፋም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ መኪናው ባዶ ሆነ። «ይኸው ፍትሐዊ ክፍፍል» አልኩ በልቤ። ደስ ብሎኝ ስዞር ውሃ የሰጡኝ ሰዎች እንኳ ኩራቴን አይተው ፈገግ አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ስመጣ ድርቆሹ አንድ ቦታ ነው። አንድ ትልቅ ግራር ሥር ተከምሯል። ሰዎች ትናንት የወሰዱትን ሁለት ሁለት እስር ተሸክመው ከየአቅጣጫው እየመጡ ይጥላሉ። ክምሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ደሜ ፈላ። የጎሳ ሽማግሌ የድሃውን ድርቆሽ ሰበሰበ፣ ለዘመዶቹ ሊያከፋፍል ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዘንገና እስከዚህ ያመጣሁት ሣር፣ የዳማው ሥጋ፣ በአንድ ሽማግሌ እጅ ሊገባ።

«ማን ቀማቸው?» ብዬ ጮህኩ። «አሁኑኑ ለየባለቤቱ ይመለስ። አሻራቸው እኔ ዘንድ አለ።»

ባለሙያው መተርጎም አቅማማ። «ተርጉም እንጂ» አልኩት። ተረጎመ፤ አለስልሶ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሽማግሌው ሳይቆጡ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ሁለት እስር አንዲት ላም ስንት ቀን ያቆማል?» አሉ።

ይህንንማ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። በልቤ አሰላሁት፤ ከጥቂት ቀን አያልፍም። መልሱ ለእኔ አይመችም ነበር።

«ለሁሉም ላም ቁርስ ከሰጠን ሁሉም ላም እራት ሳይደርስ ይሞታል» አሉ ሽማግሌው። «ስለዚህ ያረገዘችውንና የምትታለበውን መርጠን እናቆማለን። ዝናብ ሲመጣ ከቆሙት ላይ ሁላችንም እንደ አዲስ እንጀምራለን።»

«ላሙ ያልተመረጠችለትስ?»

«ወተት ይጠጣል» አሉ። ይህ ምን ይጠየቃል ዓይነት ነው።

ያኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ይህንን መልስ የት ነው የማውቀው? ከጎረቤቱ ቤት እርጎ ይሄድለታል። አገር አቋርጬ፣ ሦስት ቀን ተንገላትቼ፣ የማልሰማው ቋንቋ ውስጥ ገብቼ አማቴን አገኘኋቸው። ሣቄ መጣ። ባለሙያው ፀሐይ የመታኝ መስሎት ውሃ አቀረበልኝ።

ክምሩ ጋ አንዲት ሴት ሁለት እስሯን አምጥታ አስቀመጠች። የእርሷ ላም ክሳቷ የባሰ፣ ጥጃም የሌላት ናት፤ አልተመረጠችም። ሴቲቱ ድርቆሹን ካስቀመጠች በኋላ ሄዳ ከላሟ አጠገብ ተቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ ዝንቡን እሽ ትልላት ጀመር። አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ በማኅተም ያስጸደቅኩት አንቀጽ ለዚህች ሴት ሁለት እስር ይሰጣትና የሁሉንም ላም ይገድል ነበር።

ለሽማግሌው ስለ አማቴ ነገርኳቸው። ስለ ሜዳው፣ ስለ ቋጠሮው፣ በከፋ ዓመት ሣሩ መጀመሪያ ለማን እንደሚሰጥ። ደንብ አርቅቄ ላስቀረው እንደነበርም አልደበቅሁም። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣ «ሰውየው ለፈረሱ ምን አበላው ታዲያ?» አሉ።

«ገለባ።»

በትራቸውን ወደ ክምሩ ቀሰሩ። «የእርሱ እስር የትኛው ነው?» አሉ። ክምሩን ዞርኩት። ቡናና ጥቁር ገመዶቹን አንድ በአንድ እያሳየሁ አስወጣኋቸው። ሽማግሌው ገመዱን በጣታቸው ደባብሰው፣ የፈረስ ጸጉር መሆኑን አወቁ። «ይህ ለቀይዋ ይሁን» አሉ። ያቺን ትናንት ስደርስ አራት ሰው ሲያነሳት ያየኋትን፣ ቀንዷ የተሰበረውን ማለታቸው ነው።

አሁን ቅጹ ቀረ። ቅጹ የአባወራ ስም እንጂ የላም ቦታ የለውም። ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ጉዳዩን ካስረዳሁት በኋላ፣ «ቅጹ እንዳለው አከፋፍይ። ቅጹን እንዳትነኪ» አለኝ።

«ነክቼዋለሁ እኮ» አልኩት።

እውነቴን ነው። ኮረብታው ላይ ከመውጣቴ በፊት መታወቂያዬን እንደ ማስመሪያ አድርጌ፣ በቢክ እስክሪብቶ፣ በየገጹ ዳር አንድ ዓምድ ጨምሬ ነበር። ከላዩ «የላሟ ሁኔታ» ብዬ ጽፌበታለሁ። አርግዛለች፤ ትታለባለች፤ አልተመረጠችም። በመጨረሻው ገጽ ላይ ክፍፍሉ በማኅበረሰቡ አሠራር እንደተፈጸመ ጽፌ በስሜ ፈረምኩ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ቆየሁ። ቆዪ ያለኝ የለም፤ ለአማቴ የሰጠሁት ቃል ነው የያዘኝ። በየማለዳው ቀይዋን ለማንሳት አብሬ ሄድኩ፤ በሁለተኛው ቀን እኔም ከጎኗ ገብቼ ገፋሁ። ድርቆሹን በጥቂት በጥቂቱ ነበር የሚሰጧት፤ የተራበ ሆድ በአንዴ አይሞላም፤ ይህን ከእኔ አልተማሩም። ያልተመረጡት ከብቶች አንድ ሁለት እያሉ ይወድቁ ነበር። የዚያች ሴት ላምም በሦስተኛው ቀን ሞተች። ከሰዓት በኋላ ከጎረቤቷ ቤት በቅል ወተት ሲሄድላት አየሁ። ዞር ብዬ አለቀስኩ።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ አራቱ ሰዎችና እኔ ወደ ቀይዋ ስንሄድ ከሩቅ ቆመን ቀረን። ቀይዋ ቆማለች። ማንም ሳያነሳት። ወገቧ ጎብጧል፣ ጎኗ እንደነበረ ነው፤ ግን በራሷ አራት እግር ቆማ ከዳማው ድርሻ የቀረውን ታኝካለች። አንደኛው ሰውዬ በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገረና ሁሉም ሳቁ። ባለሙያው ሲተረጉምልኝ፣ «ዛሬ ማንሳት ያለብን አንቺን ነው» ነበር ያለው። መሬት ላይ ተቀምጬ ነበርና።

ስመለስ ሽማግሌው ገመዶቹን ሁሉ አስጠቅልለው ሰጡኝ። የቃጫውን፣ የጠፍሩን፣ የፕላስቲኩን። አንድም አልቀረም። ማንም አልጠየቃቸውም። «ገመድ የሰው ነው» ብቻ ነው ያሉት። የአማቴን ለብቻው በአንድ ጠቅልለው በእጄ ሰጡኝ።

እንጅባራ ስደርስ መጀመሪያ ያገኘሁት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ከተፈቀደው ቅጽ ውጭ በመሥራቴ ይላል። ደብዳቤው እስከ ዛሬ አለኝ፤ ከዲግሪዬ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። አለቃዬ ሰጥቶኝ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ላሞቹ ቆሙ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቅጽ የሚፈራ ሰው ነው። በኋላ ሌላ ድርቅ ሲመጣ አዲስ ቅጽ ተላከ። የላም ዓምድ አሁንም አልነበረውም። እኔም አሁንም መታወቂያዬን አወጣሁ።

አማቴ ጋ የደረስኩት ለጥር በዓል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። በረቱ በር ላይ ዳማውን እየቦረሹ ነበር። ፈረሱ አጥንቱ ይቆጠራል። ኮርቻው አልወጣም፤ ግላሱም ገና ሣጥን ውስጥ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«ቆመች?»

«ቆመች፣ አባባ።»

«በራሷ?»

«በራሷ። ቀይ ናት፤ አንድ ቀንዷ ሰባራ ነው። እርጉዝ ናት። ከእርስዎ እስር ነው የበላችው።» ገመዱን አወጣሁና ሰጠኋቸው።

ገመዱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ላም ላም ይሸታል። ሽማግሌው ስላሉት፣ ስለ ክምሩ፣ ላሟ ስለሞተችባት ሴትና ስለ ወተቱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆዩና፣ ዓይናቸው ጥግ ላይ ሣቅ መጥቶ፣ «ልጄ፣ እኩል ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«ተዉኝ እንጂ፣ አባባ። ያን ደንብ በእጄ ነው የምቀደው።»

«አትቅደጂው፤ ማኅተሙ ያምራል» አሉና ወደ ቤት ተጣሩ። ኮርቻው ይውጣ፣ ግላሱም ይራገፍ አሉ።

በዓሉ ዕለት እንጅባራ ሜዳ ሰው እንደ ጉድ ሞልቶ ነበር። እኔ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር መንገዱ ዳር ቆሜያለሁ። ከሌላ ቀበሌ የመጡት ፈረሶች ሰብተው ያብረቀርቃሉ፤ ልጓማቸውን ነክሰው አላስቆም ይላሉ። የዘንገና ሰልፍ ሲመጣ ግን ሰዉ መንሾካሾክ ጀመረ። ፈረሶቹ ሁሉ ከሲታ ናቸው። ከፊት አማቴ፣ ካባቸውን ደርበው፣ ዳማው ላይ ተቀምጠዋል። የዳማው ዳሌ ከግላሱ ሥር ሾሎ ወጥቷል። አንገቱ ላይ፣ ከጌጡ ሁሉ በላይ፣ ያ ቡናና ጥቁር ገመድ ተንጠልጥሏል።

በሰባ አምባላይ ፈረስ ላይ የነበረ ሽማግሌ፣ የሌላ ቀበሌ ሰልፍ መሪ፣ ጎናቸው ደረሰና ጮክ ብሎ፣ «አያ፣ ዳማውን ምን አገኘው? ታመመብዎት እንዴ?» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እኔ ልመልስለት አንድ እግሬን ወደ መንገዱ አወጣሁ።

አማቴ አልተቆጡም። ገመዱን በእጃቸው ከፍ አድርገው አሳዩት። «ዳማውማ ደህና ነው። ሥጋውን ለአፋር ላም ሰጥቶ ነው» አሉ። «ምራቴ ላሟ ቆማ አይታታለች።»

ሰውዬው ገመዱን አየ፣ ፈረሱን አየ፣ ከኋላ የተሰለፉትን ከሲታ ፈረሶች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ያንን የሰባ አምባላዩን ልጓም ስቦ ወደ ጎን አወጣውና መንገዱን ለቀቀላቸው። ከኋላው የነበሩትም እንደ እርሱ አደረጉ። ዳማው አጥንቱ እየታየ፣ ገመዱ አንገቱ ላይ እየተወዛወዘ፣ ከሁሉም ፊት አለፈ። እኔ በመሥሪያ ቤት ሰዎች መካከል፣ ማስጠንቀቂያ የተሰጠኝ የመኖ ባለሙያ፣ እልልታዬን ለቀቅሁት።